ስለ ታላቅ ወንድማችን ሕመምና ስለ ደበቅነው ወረቀት

ሰው ለሚወደው ሰው ክፉ ወሬ ሲደብቅ ርኅራኄ ያደረገ ይመስለዋል። እኛም እንዲሁ መስሎን ነበር። ነገር ግን ርኅራኄ የመሰለው ዝምታ አንዳንድ ጊዜ ያለ ዳኝነት በሰው ሕይወት ላይ መፍረድ ሆኖ ይገኛል። ይህንንም ከመጽሐፍ አንብበን ሳይሆን በገዛ ቤታችን ከደረሰው ነገር የተማርነው ስለ ሆነ፥ በየቤታቸው ሕመምተኛ የሚያስታምሙ አንባቢዎቻችን ይጠቀሙበት እንደ ሆነ ብለን፥ የምናፍርበትንም ሳንሸሽግ እንጽፋለን።

ታላቅ ወንድማችን የሚኖሩት በአዲስ አበባ በስተ ሰሜን በጉለሌ ክፍለ ከተማ፥ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ አጠገብ ነው። ከቤታቸው በረንዳ ላይ ሆኖ ሽቅብ ለሚመለከት ሰው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታየዋል፤ ቁልቁል ለሚመለከት ደግሞ ከተማው ከፊቱ ተዘርግቶ ይታየዋል። እርሳቸውም ዐርባ ዓመት ያህል በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግለው፥ የመዝገብ ቤት ሹም ሳሉ በጡረታ የተሰናበቱ ሰው ናቸው። በሥራ ዘመናቸው በእጃቸው የገባ ደብዳቤ ሳይነበብና ወደ ባለጉዳዩ ሳይመራ አያድርም ነበር። «ለባለቤቱ ያልደረሰ ወረቀት እንዳልተጻፈ ይቈጠራል» የሚል አነጋገር ነበራቸው። ይህ ቃላቸው ኋላ ለእኛ ወቀሳ ሆኖ ተመለሰብን።

ወንድማችን ከጐልማሳነታቸው ጀምሮ የጨጓራ ሕመም ነበረባቸው። በአገራችን ጨጓራውን የሚያመው ሰው ምን እንደሚደረግለት ሁሉም ያውቀዋል። ተልባ ያጠጡታል፤ አብሽ ያጠጡታል፤ በርበሬና ቡና ተው ይሉታል፤ ጠበልም ይወስዱታል። ሲብስበት ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኀኒት ቤት ክኒን ገዝቶ ይውጣል። ክኒኑም ሕመሙን ያስታግሥለታል፤ ሕመሙ የታገሠለትም ሰው ዳነ ይባላል። ወንድማችንም እንዲህ ዳኑ እየተባሉ ሠላሳ ዓመት ያህል ኖሩ። የስድሳ ሰባት ዓመት ሰው በሆኑበት በ2014 ዓ.ም. ክረምት ግን ድካም በዛባቸው፤ ፊታቸው ገረጣ፤ ሰገራቸውም እንደ ሬንጅ ጠቈረ። ይህ ምልክት ከጨጓራ ወይም ከዚያ አጠገብ ደም መፍሰሱን የሚያስታውቅ ስለ ሆነ፥ ይህን ያየ ሰው አንድ ቀን እንኳ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ስለ ሕመሙ ምክንያት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሰው የውጭ አገር ታሪክ ዘመኑ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።) ቀድሞ የጨጓራ ቍስል የሚመጣው በሐሳብ ብዛትና በምግብ ነው ሲባል ይኖር ነበር። በ1982 ግን ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች በአውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ፥ በጨጓራ ውስጥ የሚኖር ጠምዛዛ ባክቴሪያ ለይተው አወጡ። ሊቃውንቱ ነገሩን በቶሎ ባይቀበሏቸው፥ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን በጥብጦ ጠጣና ታመመ፤ ጨጓራውም ተመርምሮ ተቈጥቶ ተገኘ። በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት የነቀርሳ ጥናት ክፍል ይህን ባክቴሪያ ከነቀርሳ አምጪዎች መካከል ቈጠረው፤ ሁለቱም ሐኪሞች በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በአገራችን የተደረጉት ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ይህ ባክቴሪያ በሆዱ እንዳለ ያስረዳሉ። ይህ ማለት ግን ባክቴሪያው ያለበት ሁሉ ነቀርሳ ይይዘዋል ማለት አይደለም። ከብዙዎቹ መካከል በጥቂቶቹ ብቻ፥ ቍጣው ለብዙ ዓመታት ሳይታከም ሲቀር የጨጓራው ልባስ እየሳሳ ይሄድና ወደ ነቀርሳ ይለወጣል። ያም ጥቂት ሲደመር ቀላል አይደለም፤ በ2022 በዓለም ላይ 968 ሺህ ያህል ሰዎች በጨጓራ ነቀርሳ መያዛቸው ሲታወቅ፥ 660 ሺህ ያህሉ በዚሁ በሽታ እንደ ሞቱ ተቈጥሯል።

ወንድማችንን የተቀበሉት ሐኪም ኢንዶስኮፒ በሚባለው መሣሪያ ጨጓራቸውን መረመሩ። ይህም በአፍ የሚገባ፥ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለበት ተጣጣፊ ቀጭን ቱቦ ነው። ሰው የሰውን ጨጓራ በዓይኑ ለማየት ብዙ ደክሟል። በ1868 በጀርመን አገር አዶልፍ ኩስማውል የተባለው ሐኪም፥ ሰይፍ በመዋጥ ትርኢት የሚያሳይ ሰው ፈልጎ ቀጥ ያለ ቱቦ በጕሮሮው አስገብቶ ነበር፤ ለሌላው ሰው ግን እንዲህ ያለው ነገር የማይቻል ነበረ። በ1957 ባሲል ሂርሾዊትዝ የሚባለው ሐኪም ብርሃን በሚያስተላልፉ ቀጫጭን የመስተዋት ክሮች ተጣጣፊ መመልከቻ ሠርቶ፥ አስቀድሞ ራሱ ዋጠው። ዛሬ በአዲስ አበባ ጠዋት ገብቶ ከቀትር በፊት ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሕመምተኛ የእነዚህን ሰዎች ድካም ይበላል።

በዚህ መሣሪያ በወንድማችን ጨጓራ በታችኛው ክፍል፥ የሳንቲም ስፋት ያህል ያለውና ደም የሚያዥ ቀይ ቦታ ታየ። ከዚያም ቅንጣት ተወስዶ ሲመረመር አባቶቻችን ነቀርሳ ያሉት፥ ዛሬ ብዙ ሰው ካንሰር የሚለው በሽታ ሆኖ ተገኘ። ሆኖም ገና በጅምሩ የታየ ስለ ነበረ፥ ሆድ ሳይቀደድ በአፍ በኩል ሊነሣ ይችል ይሆናል ተባለ። ይህን ብልሃት የጃፓን ሐኪሞች በ1990ዎቹ መጨረሻ አዳብረውታል። አሠራሩም እንዲህ ነው። በበሽታው ዙሪያ ምልክት ይደረጋል፤ ከሥሩ ፈሳሽ በመርፌ ይሰጥና ቦታው ከፍ ይላል፤ ከዚያም በኤሌክትሪክ በሚሠራ ትንሽ ቢላዋ ዙሪያውን ቈርጦ፥ በሽታው ሳይቈራረስ ከነልባሱ ልጦ ማንሣት ነው። የተነሣውም ሥጋ በቀጭን በቀጭኑ ተሰንጥቆ በማጕሊያ መነጽር ይመረመራል። ሐኪሞቹ ሥራው በእርግጥ መፈጸሙን ወይም አለመፈጸሙን የሚያውቁት ከዚህ ምርመራ በኋላ ነው።

ወንድማችንም በዘመድ እርዳታ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወደ ሕንድ አገር ተሻግረው ይህ ተደረገላቸው። በሦስተኛው ቀን ሾርባ ጠጡ፤ ወሩም ሳያልቅ በእግራቸው ቆመው አገራቸው ገቡ። ቤተ ዘመዱ በእልልታ ተቀበላቸው። በጉለሌ ቤታቸው ድንኳን ተጥሎ፥ ጠላ ተጠምቆ፥ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቶ የምስጋና ድግስ ተደረገ። «ሆዳቸው ሳይቀደድ ነቀርሳ ተነቅሎላቸው መጡ» እየተባለ ሲነገር፥ እኛም በደስታ ካጨበጨቡት አንዱ ነበርን።

ከድግሱ በኋላ በኅዳር ወር መጀመሪያ፥ ያከሟቸው ሐኪሞች የላኩት ወረቀት በልጃቸው ስልክ መጣ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሁለት ገጽ ነበር። ልጁም አንብቦ ፊቱ ጠቍሮ ወደ እኛ መጣና «ምን ላድርግ?» አለን። እኛም ካነበብን በኋላ «አባትህ ገና ከድካማቸው አላገገሙም፤ ደስታቸውንም ገና አልጠገቡትም። እስቲ ገና ይለፍና እንነግራቸዋለን» አልነው። ገና አለፈ። ለጥምቀት የሚመጡ እንግዶች አሉና ጥምቀት ይለፍ አልን። ጥምቀትም አለፈ። ዐቢይ ጾም ገባ፤ ጾሙ ይፈታ አልን። ለአንድ ሰው የማይበጅ ነገር ለማድረግ ሲፈልጉ በዓል አይጠፋም።

ወረቀቱ የሚለው ምን ነበር? አንባቢ በቀላሉ እንዲረዳው የጨጓራን ግድግዳ እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ እናስበው። ከውስጥ በኩል ልስኑ አለ፤ ከልስኑ ቀጥሎ ምርጊቱ፥ ከምርጊቱ ቀጥሎ ማገሩ አለ። ነቀርሳው በልስኑ ላይ ብቻ ያለ እንደ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ ልስኑን ልጦ ማንሣት ይበቃል። ወደ ምርጊቱ የዘለቀ እንደ ሆነ ግን በዚያ የደምና የሊምፍ ቀጫጭን ቦዮች ስላሉ፥ የበሽታው ዘር በቦዮቹ ሄዶ ከጨጓራው ውጭ ባሉት ንፍፊቶች ሊያድር ይችላል። በአፍ የገባው መሣሪያ ደግሞ እዚያ አይደርስም። ሐኪሞች የሚለኩበት መስፈሪያ እጅግ ረቂቅ ነው። በሽታው በምርጊቱ ውስጥ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ጠልቆ እንደ ሆነ፥ ወይም በቦዮቹ ውስጥ የነቀርሳ ዘር ታይቶ እንደ ሆነ፥ ወይም የተቈረጠው ሥጋ ጠርዙ ንጹሕ ካልሆነ፥ የጨጓራውን ክፍል ከነንፍፊቶቹ በኦፕራሲዮን ማውጣት ይመከራል።

በወንድማችን ወረቀት ላይ ከእነዚህ ሁለቱ ተጽፈው ነበር፤ ግማሽ ሚሊሜትሩ ታልፏል፤ በቦዮቹም ውስጥ ዘሩ ታይቷል። ወረቀቱ «አልዳኑም» አይልም ነበር። የሚለው «ሥራው አላለቀም» ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ከሚመጣላቸው ሰዎች መካከል በንፍፊታቸው በሽታ የሚገኝባቸው፥ በጠቅላላው ሲታይ ከመቶ ዐሥር የማይሞሉ ናቸው፤ አስጊው ምልክት በተደራረበባቸው ላይ ግን ከመቶ ሃያ ያልፋል። እንግዲህ ነገሩ እንደ ሚዛን ነው። ብዙዎቹ ባይቀደዱም ምንም ባልሆኑ ነበር፤ የቀሩት ደግሞ ካልተቀደዱ በሽታው ተመልሶ ይመጣባቸዋል፤ ያን ጊዜም የሚድነው ጥቂት ነው። ይህን ሚዛን አንሥቶ መመዘን የሆዱ ባለቤት ፈንታ ነበር። እኛ ግን ሚዛኑን ራሱን ደበቅንባቸው።

በየካቲት ወር መጨረሻ ወንድማችን ለክትትል ወደ አንድ ሐኪም ሄዱ፤ ልጃቸውም አብሯቸው ነበር። ሐኪሙም ጨጓራቸውን ከማየታቸው በፊት «ከተነሣው ሥጋ የተገኘው የምርመራ ውጤት የት አለ?» ብለው ጠየቁ። ወንድማችን «ውጤት አልመጣም» ብለው መለሱ። የልጁ ፊት ግን ተለዋወጠ። ሐኪሙ አይተውት ዝም ባሉ ጊዜ፥ ልጁ ስልኩን አውጥቶ ሰጣቸው። አንብበው ሲጨርሱ ፊታቸውን ወደ ልጁ ሳይሆን ወደ ወንድማችን መልሰው፥ «አባባ፥ ይህ ወረቀት የእርስዎ ነው፤ ከመጣ ወደ አራት ወር ሆኖታል። ልንገርዎ ወይስ ይቈይ?» አሏቸው። ወንድማችንም «ይነበብልኝ» አሉ። ሐኪሙም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ እየተረጐሙ አነበቡላቸው።

በዚያች ማታ ወንድማችን እኛን አስጠሩን። በበረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ነበር። ልጃቸውንና እኛን በአንድ ላይ እያዩ እንዲህ አሉ። «ዐርባ ዓመት ሙሉ የሰው ወረቀት ስጠብቅ ኖርሁ። የራሴ ወረቀት ግን በገዛ ልጄና በገዛ ወንድሜ እጅ ታሰረ። ሞት ፈርታችሁልኝ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ለሞቴ ከእናንተ ይልቅ እኔ ቅርብ ነኝ። ቅድሚያ ለእኔ ሊነገር ይገባ ነበር።» አልተቈጡም፤ ቢቈጡ ይቀለን ነበር። ልጁ እግራቸው ላይ ወደቀ። እኛም አንገታችንን ደፍተን ይቅርታ ለመንን። እርሳቸውም «ይቅርታው ለነገ ይሁን፤ ዛሬ ስለ ሥራው እንነጋገር» አሉን።

ስለ ሥራው መነጋገሩ ግን ቀላል አልሆነም። ነገሩ ከተገለጠ በኋላ ዘመድ ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዳንዱ «በአፍ ወጥቶ ያለቀ ነገር ነው፤ የተኛውን አትቀስቅሱት» አለ። ሌላው «ነቀርሳ ብረት ከነካው ይበተናል» አለ፤ ይህም በአገራችን ብዙ ሰው የሚያምነው፥ ብዙ ሰውንም ከሐኪም ያስቀረ አነጋገር ነው። ሰው ዘግይቶ ሲሄድ በሽታው አስቀድሞ ተበትኖ ይቈይና፥ ጥፋቱ በኋላ ለመጣው ብረት ይሰጣል። ሌሎች ደግሞ እንደ ገና ወደ ውጭ አገር ይሂዱ አሉ። ወንድማችን ግን «እዚሁ አጠገባችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ኩላሊት ከሰው ወደ ሰው ሲዛወር እየሰማን፥ ጨጓራ የሚቈርጥ የአገር ልጅ ጠፋ ልትሉኝ ነው?» ብለው በአገር ውስጥ ሊታከሙ ቈረጡ። ሦስት ጥያቄዎችንም በወረቀት ጽፈው ወደ ሐኪሙ ሄዱ። ባልቀደድ ምን እሆናለሁ? ብቀደድ ምን ያስፈራኛል? ከተቀደድሁ በኋላ እንዴት እኖራለሁ? የሚሉ ነበሩ። ሐኪሙም ለሦስቱም ሳይሸፋፍኑ መለሱላቸው። የደም መፍሰስ፥ የሳንባ ምች፥ ይልቁንም የተጋጠመው ቦታ የመተርተር አደጋ መኖሩን፥ ነገር ግን ልምድ ባላቸው ሐኪሞች እጅ አብዛኛው ሰው በደኅና እንደሚወጣ አስረዷቸው።

በዚያ ሰሞን እንቅልፍ አልወስድ ስላለን የዚህን ኦፕራሲዮን ታሪክ ስናነብ ሰነበትን። በ1879 በፓሪስ ፔያን የተባለው ሐኪም፥ በሚቀጥለውም ዓመት ሪዲጊየር የተባለው የፖሎኝ ሰው ነቀርሳ የያዘውን የጨጓራ ክፍል ቈርጠው አወጡ፤ የሁለቱም ሕመምተኞች ግን ወዲያው ሞቱ። በጥር ወር 1881 በቪየና ከተማ ቴዎዶር ቢልሮት ያንኑ ሥራ በአንዲት የ43 ዓመት ሴት ላይ ሠራ። ሴቲቱ የስምንት ልጆች እናት ነበረች። ቍስሉ ዳነላት፤ ምግብም በላች፤ ወደ ቤቷም ተመለሰች። ነገር ግን ከአራት ወር በኋላ ሞተች፤ ነቀርሳው አስቀድሞ ተሠራጭቶ ነበርና። ይህን ባነበብን ጊዜ ልባችን ተመታ። ከዚያች ሴት ላይ የጐደለው የሐኪሙ ጥበብ አልነበረም፤ ጊዜ ነበር። እኛ ደግሞ ከወንድማችን ላይ አራት ወር ጊዜ ወስደናል።

ኦፕራሲዮኑ በመጋቢት ወር አጋማሽ በአዲስ አበባ ተደረገ። ጠዋት ሲገቡ መስቀላቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ለልጃቸው ሰጡት፤ ለእኛም «ያ ይቅርታ ተደርጎላችኋል» አሉን። አምስት ሰዓት ያህል በግቢው ዛፍ ሥር ቆመን ጠበቅን። ሐኪሞቹም ከጨጓራቸው የታችኛውን ክፍል፥ ይኸውም ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል፥ በዙሪያው ካሉት ንፍፊቶች ጋር አውጥተው፥ የቀረውን ከአንጀታቸው ጋር አጋጠሙት። በማግሥቱ አስታማሚዎቹ ደግፈው አስነሥተው አስቀመጧቸው፤ በሦስተኛውም ቀን በአዳራሹ ውስጥ ጥቂት ተራመዱ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ወደ ጉለሌ ተመለሱ።

ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። በዚህ ጊዜ ወረቀቱ የደረሰው በወንድማችን በገዛ እጃቸው ነው፤ መነጽራቸውን አድርገው መጀመሪያ ያነበቡትም እርሳቸው ናቸው። ከሃያ ስምንት ንፍፊቶች ሃያ ሰባቱ ንጹሕ ነበሩ። በአንዲቱ የነቀርሳ ዘር ተገኝቷል።

አንዲት ብቻ ናት ብሎ መጽናናት ይቻላል፤ ሐኪሞቹም እንዲሁ ብለውናል። ኦፕራሲዮኑ ባይደረግ ኖሮ ያቺ አንዲት በውስጣቸው ትቀር ነበር። ነገር ግን እኛ ስለ እርስዋ የምናስበው ሌላ ነው። ያ የበሽታ ዘር ወደዚያች ንፍፊት የገባው ወረቀቱ ከመምጣቱ በፊት ነውን? ወይስ እኛ ገና ይለፍ፥ ጥምቀት ይለፍ ስንል በነበረባቸው ሳምንታት? ይህን የሚመልስልን ሐኪም የለም። ወንድማችንን ጠይቀናቸው «ለማይታወቅ ነገር መዝገብ አይከፈትም» ብለው ዘጉት። እኛ ግን መዝገቡን በልባችን ከፍተን እንኖራለን።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ነገር ግን ኑሮ ነው። የቀረው ጨጓራ ትንሽ ስለ ሆነ በአንድ ጊዜ ብዙ አይበሉም፤ በቀን ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይበላሉ። በደንብ ያኝካሉ፤ ውኃ ከምግብ ጋር ሳይሆን በመካከል ይጠጣሉ። ጣፋጭ ነገር ሲወስዱ ምግቡ ፈጥኖ ወደ አንጀት ስለሚወርድ ላብ ያልባቸዋል፥ ልባቸውም ይመታል፤ አንድ ብርሌ ጠጅ ይህን አስተምሯቸዋል። የጨጓራው መጕደል ደም እንዳያሳንስ የቪታሚን ቢ 12 እና የብረት መጠናቸው በየጊዜው ይለካል፤ ሲያንስም መርፌ ይሰጣቸዋል። ከሁሉ የከበዳቸው ጾሙ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም የለመዱ ሰው ጠዋት መብላት እንደ ነውር ሆነባቸው። የንስሐ አባታቸው ግን «ሕመምተኛ ከጾም ነጻ ነው፤ መድኀኒትዎ ምግብዎ ነው» ብለው ከለከሏቸው። በሚያዝያ 8 ቀን 2015 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ ሳለ፥ ከዶሮው አንድ ብልት በትንሽ እንጀራ ጎረሱ። ሁላችንም ዝም ብለን ስናያቸው «ምን ታዩኛላችሁ? ብሉ እንጂ» ብለው አሣቁን።

ሰው ያለ ጨጓራ እንኳ መኖርና መሥራት እንደሚችል ማወቅ ያጸናል። በ1897 በዙሪክ ካርል ሽላተር የተባለው ሐኪም የአንዲት ሴት ጨጓራ በሙሉ አውጥቶ ሴቲቱ ከአንድ ዓመት በላይ ኖራለች። በእኛም ዘመን በጃፓን አገር ቤዝቦል በሚባለው የኳስ ጨዋታ ስሙ የታወቀው ሳዳሃሩ ኦ፥ በሐምሌ 2006 በስድሳ ስድስት ዓመቱ ጨጓራው በነቀርሳ ምክንያት በሙሉ ወጥቶለት፥ በሚቀጥለው ዓመት የጨዋታ ቡድኑን ወደ መምራት ተመልሷል። ይህን ለወንድማችን ባነበብንላቸው ጊዜ «እንግዲያስ እኔ ሲሦው የቀረልኝ ባለጸጋ ነኝ» አሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለአንባቢዎቻችን የምንለው ጥቂት ነው። በአፍ በኩል የሚደረገው ሕክምና ታላቅ በረከት ነው፤ ብዙ ሰው በእርሱ ብቻ ድኖ ይቀራል። ነገር ግን የተነሣው ሥጋ የምርመራ ውጤት ሳይመጣና ሳይነበብ ድግስ አይደገስ። ውጤቱ ኦፕራሲዮን ይገባል ያለ እንደ ሆነ፥ የመጀመሪያው ሕክምና ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም፤ በሽታው ምን ያህል እንደ ዘለቀ በእርግጥ የተናገረው እርሱ ነውና። ውጤቱ መልካም የሆነለትም ሰው ቢሆን በየጊዜው በመሣሪያው መታየትን አይተው፤ በቀረው ጨጓራ ላይ ሌላ ሊበቅል ይችላልና። ባክቴሪያውንም በመድኀኒት ማጥፋት ይህን አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በ2018 ከኮሪያ የወጣ ጥናት አስረድቷል። የሕመምተኛው ወንድሞችና ልጆችም ሊመረመሩ ይገባል። እኛም ተመርምረን ባክቴሪያው ስለ ተገኘብን፥ ሁለት ሳምንት ክኒን ውጠን ነጽተናል።

ከሁሉ በላይ ግን ሕመምተኛው ስለ ራሱ እንዲያውቅ እንተውለት። አነጋገሩ ይለዝብ፤ ሰዓቱም ይመረጥ፤ ሊያጽናና የሚችል ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። ከባሕላችን የወረስነው ርኅራኄ የሚያዝዘን ይህን ነው። ወሬውን እስከ መጨረሻው መሰወር ግን ሰውየውን ከገዛ ጉዳዩ መሻር ነው። በዕድሜያቸው ሙሉ አገር ያስተዳደሩ፥ ልጅ ያሳደጉ፥ ንብረት የመሩ ሰዎች በመጨረሻው ቀን የራሳቸውን ሆድ ነገር ለማወቅ እንደ ሕፃን ሊቈጠሩ አይገባም።

ይህን በምንጽፍበት ጊዜ ወንድማችን ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ሐኪሞቹ አምስት ዓመት እስኪሞላ ክትትሉ እንዳይቋረጥ አዝዘዋል፤ እስካሁንም ክፉ ነገር አልታየም። በመኝታ ቤታቸው ሣጥን ውስጥ የሕክምና ወረቀታቸው ሁሉ በቀንና በቍጥር ተሰድሮ ተቀምጧል። ያ ሁለት ገጽ ወረቀትም ከስልኩ ላይ ታትሞ በመካከሉ ይገኛል፤ የመጣበትና ለባለጉዳዩ የደረሰበት ቀን በግርጌው በእጃቸው ተጽፎበታል። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ጊዜ የእኛ ዕዳ ነው። ሌላ ሰው እንዳይገባበት ብለን ይህን ጽፈናል።